ሽማግሌው ጡረታ ሊወጣ ነው

አንዳንድ ወንድ ሲያፈቅር አበባ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ግጥም ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ስልክ ይደውልና፣ «ለመሆኑ ውሃው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

ለመጋረጃ ሰፊዋ የደረሳት ይሄ ሦስተኛው ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ወደደችው።

የምትኖርባት የባሕር ጠረፍ ከተማ ፀሐይ ስትሰጥ እጇ አይሰስትም፤ ኪራይ ስትቀበልም እንደዚያው። ፀሐይዋ ጨርቅ ስለምትበላ ግን ለመጋረጃ ሰፊ ሥራ አይጠፋም። ሃምሳን የተሻገረችው ይህች ሴት፣ ሰፈሩ «እትዬ መጋረጃ» የሚላት፣ የሰው ጨርቅ አይታ ቤቱ ወደ ባሕር ይዙር ወደ ኮረብታው፣ ባለቤቱ ማለዳ የሚነሳ ይሁን እንቅልፋም ትነግርሃለች። የስልኩን ሰውዬ ግን ማንበብ አልቻለችም።

«እንዴት ነሽ?» አላት የዚያን እሁድም።

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና። ውሃው እንዴት ነው?»

«የባሕሩ?»

«የቧንቧው እንጂ!»

«ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስነጥሰዋል እንጂ ይወጣል።»

«ደረጃውስ? አሳንሰሩ ሲበላሽ ጉልበትሽን አያምሽም?»

«ጉልበቴን ተወው! አሮጊት አደረግኸኝ እኮ።»

«ክሊኒኩስ በእግር ይደረሳል?»

«ምነው፣ ልታመም ነው እንዴ? የሰማኸው ነገር አለ?»

«አይ…» አለ፣ በዚያች በምታውቃት ቆጠብ ባለች ድምፁ፣ «ማወቅ ደግ ነው ብዬ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ ፈገግታዋ አልተዘጋም። ስለ ጉልበቷ የሚጠይቃት ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ለፊቷ የተጨነቀ ነበር፣ ለአባቷ ሀብት የተጨነቀም ነበር፤ ለጉልበቷ የተጨነቀ ግን ይህ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ወጥታ ባሕሩን እያየች ሻይዋን ጠጣች፤ ስኳር መርሳቷንም ያወቀችው ብርጭቆው ሲያልቅ ነው።

* * *

ሰውዬው በመሀል አገር፣ ብርድ በማይለቃት ከተማ፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የጡረታ ክፍል ባለሙያ ነው። ሠራተኛ ፊቱ ቁጭ ብሎ «መቼ ነው የምወጣው? ስንት አገኛለሁ?» ሲለው መዝኖ ይመልሳል። ባልደረቦቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጢም እንኳ በቅጡ ሳያበቅል ነው፤ ሥራ በገባ በመጀመሪያ ቀን አለቃውን፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ከዕድሜው ቀድሞ ጡረታ ለመውጣት ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ስለጠየቀ። አለቃው፣ «መጀመሪያ ቁጭ በል!» አለው ይባላል።

እሷ ግን ከዚያም በፊት ታውቀዋለች።

ያኔ አባቷ ወደቡ ላይ መጋዘኖች ነበሩት፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ባለ ብዙ መስኮት ቤት። የእሱ አባት የቤቱ ሾፌር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅየው ጥቁሯን መኪና ደጅ ላይ ያጥባል። እሷ «እዚህ ጥላ አለ» ትልና መጽሐፍ ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የምን ጥላ! ቆዳው ወንበር ፀሐይ ውሎበት እንደ ምጣድ ነው። ልጅየው እሷ ያለችበትን መስኮት ያጥባል፤ ይወለውላል፤ እንደገና ያጥባል። እሷም ገጽ ትገልጣለች፤ ወደፊት ይሁን ወደኋላ እንጃላት። በአረፋው መሀል ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሁለቱም ትልቅ ሥራ እንዳለበት ሰው ይኮሳተራሉ። እናቷ በረንዳው ላይ ብቅ ሲሉ «እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» ይላታል፤ እናቷ ሲገቡ፣ «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፉን እኮ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።»

እናትየው አንድ ቀን ከላይ ሆነው፣ «አንተ! ያ መስኮት ምን ቢያደርግህ ነው እንዲህ የምታሸው?» አሉት። መልሱን የሚያውቁት ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከግቢው ውጭ መታጠብ ጀመረች።

መሀል አገር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ «በዓመቱ መጥቼ በወግ እጠይቅሻለሁ» አላት። ዓመቱ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ደብዳቤው መጣ፦ ደመወዙ አልበቃም፣ ትንሽ ታገሺ። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ትንሽ። እናቷ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውምና፣ ድምፁ ከሆዱ ለሚቀድም አንድ ነጋዴ ዳሯት። ያ ትዳር ያለ ልጅም ያለ ጠብም አለቀ። አባት ሞቱ፣ መጋዘኖቹ ተሸጡ፣ የኮረብታው ቤት እንግዳ ማረፊያ ሆነ። ለእንግዳ ማረፊያው መጋረጃ የሰፋችው ማን መሰላችሁ? የገዛ የልጅነት ክፍሏን መስኮት ልትለካ ገብታ፣ ያስጠራት ሥራ አስኪያጅ «እትዬ፣ ምነው ሳይለኩ ቁጥሩን ጻፉ?» ብሏታል።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቱ ሲሞቱ ሊቀብር መጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ያ የሚኮሳተር ፊቱ ግን አለ። ስልክ ቁጥሯን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ቀርቶበት አያውቅም።

* * *

ከእሱ ቢሮ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አግብታ፣ ሙሽራዋን አስከትላ ለመዝናናት ወደ ጠረፏ ከተማ መጣች። እግረ መንገዷንም ሽማግሌው የላከውን ዕቃ ይዛ አራተኛውን ፎቅ ወጣች። ዕቃው ክር ነበር፤ ፀሐይ የማይበላው፣ እዚያ መሀል አገር ብቻ የሚገኝ ጠንካራ ክር፣ በየቀለሙ። መጋረጃ ሰፊዋ ክሩን አንድ በአንድ እያነሳች ስታይ ፊቷ ቀላ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ በደንብ እናውቅዎታለን!» አለች ሙሽሪት፣ ሻይዋን እያማሰለች። «ቢሮው በሙሉ ያውቅዎታል።»

«እኔን? ምን ብሎ አውርቷችሁ ነው?»

«እሱማ ምን ያወራል፣ አፉ የተሰፋ ነው! ግን ሰኞ ጠዋት ሲገባ ስሌቱን ይጀምራል። ባለ አራተኛ ፎቋ ለመብራት ይህን ከፈለች፣ ዓሣ ጨመረ፣ ኪራይ ሊጨምር ነው… ጡረታውን እኮ በእርስዎ ኑሮ ነው የሚያሰላው!»

«የምን ጡረታ?»

«እዚህ ሊኖርበት ነዋ! ያለ ዕድሜው ወጥቶ። እኛማ ለሽኝቱ ኬክ እንዘዝ እያልን ነው። አልነገረዎትም እንዴ?»

ሙሽራው ጠረጴዛው ሥር የሚስቱን እግር ረገጠ። ዘግይቷል።

«ነግሮኛል እንጂ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ሻይ ልጨምርላችሁ?»

ሙሽሮቹን በር ድረስ ሸኝታ ስትመለስ ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አሰበችው። ውሃው። ደረጃው። ክሊኒኩ። በረንዳው በየትኛው ወር ይሞቃል። የምሽት ነፋሱ ከየት ይነፍሳል። እያንዳንዷን ጥያቄ እንደ ፍቅር ተቀብላ፣ ሳምንቱን ሙሉ አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ እያዞረች ስትመጥጣት ኖራለች። ለካ ሰውዬው ቤት እያየ ነበር! እሷ ደላላው ነበረች፤ ያውም ኮሚሽን የሌላት። አንድ ጊዜ እንኳ «ልመጣ ነው» አላላትም። ለምን ብሎ ይነግራታል? መስኮት የሚያጥበው ልጅ አድጎ ባሕር የሚያይ መስኮት ሊገዛ ነው፤ የቀድሞዋ እመቤት ደግሞ ዋጋ ታጣራለት።

ሆድ ባሳት። ንዴት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ንዴት ያልፋል።

* * *

በቀጣዩ እሁድ ስልኩ ጠራ።

«እንዴት ነሽ?»

«ውሃ ይወጣል። መብራት አልጠፋም። ዓሣ ካለፈው ሳምንት ጨምሯል። አሳንሰሩ እንደተበላሸ ነው። ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ማወቅ ደግ ነው።»

ከወዲያ በኩል የቢሮ ሰው ትንፋሽ ይሰማታል፤ ተመዝኖ የሚወጣ፣ ተመዝኖ የሚገባ።

«አከራዬ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጥቶኛል» አለችው። «ወይ በአዲሱ ዋጋ ውል አድሳለሁ፣ ወይ እለቃለሁ። እለቃለሁ። እህቴ ጋ ነው የምሄደው፣ ባሕር በሌለበት፣ ኑሮ በሚረክስበት። ከእንግዲህ ጥያቄህን ለሚቀጥለው ተከራይ አድርገው።»

ሊከራከር ነው ብላ ጠበቀች። ሊቆጣ፣ ሊምል፣ ቢያንስ ሊንተባተብ።

«እሺ» አላት።

ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችውም። ወጣት ሳለች እንባዋን ለምን ጨረሰችው? ለእንዲህ ያለው «እሺ» ማስቀመጥ ነበረባት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ላይ ወጥታ የገዛ ቤቷን መጋረጃ ስታወርድ በሩ ተንኳኳ። አከራዩ እስከ ቀትር እደውላለሁ ብሎ ነበር፤ መጥቶ ይሆናል ብላ፣ ስፒሉን በጥርሷ እንደያዘች፣ «ክፍት ነው!» አለች።

የገባው ሽማግሌው ነው። የብርድ አገር ካፖርቱን ለብሶ፣ ላብ ከግንባሩ እየወረደ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ። በሩን ተደግፎ ቆመ። መናገር ፈልጎ ነበር፤ አራት ፎቅ ግን ለማንም አያዝንም።

«ደረጃው…» አለ በመጨረሻ፣ «ጉልበት ያማል።»

ስፒሉን ከአፏ አወጣች። ልትስቅ ነበር፤ ከለከለችው። «ቤቱን ለማየት ከሆነ እስከ ቀትር የእኔ ነው። መኝታ ቤቱ በግራ በኩል።»

«ቤት ለማየት አልመጣሁም።»

«የቢሮህ ሙሽሪት ሁሉን ነግራኛለች።»

«አውቃለሁ። ሰኞ ቢሮ ገብታ እያለቀሰች ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ በአንቺ ኑሮ ነው የማሰላው።»

እንዲህ በቀጥታ ይለኛል ብላ አልጠበቀችም። መሰላሉ ላይ እንደቆመች መጋረጃውን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ!» አለች። «እኔ እኮ… እኔ እኮ የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ…» መጋረጃውን ጨመቀችው። «አንዲት ቃል ምን ነበረበት? "ልመጣ ነው" ብትለኝ አፍህ ይቆስላል?»

«ተናግሬ ነበር እኮ አንዴ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ሲጮህ የሰማ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም። ራሱም ደነገጠ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «"በዓመቱ" ብዬሽ ነበር። ባዶ ኪሴን ይዤ። አንቺ ደግሞ ጠበቅሽ።»

«ማን ጠበቀህ!»

«እህትሽ ለቀብሩ ስመጣ ነግራኛለች። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ትወርጂ ነበር አሉ።»

«የእህቴ አፍ መቼ ያርፋል!»

«ከዚያ ወዲህ ሳላረጋግጥ ለሰው ቀን ቆርጬ አላውቅም። ሥራ ላይም ቢሆን። ሰዎች ፊቴ ቁጭ ብለው ይለምኑኛል፤ በግምት ንገረን ይሉኛል። ማኅተም ሳያርፍበት አልናገርም። ቀን ተነግሮት ቀኑ የቀረበት ሰው ምን እንደሚሆን ስለማውቅ። ላንቺም በስልክ "ልመጣ ነው" ብዬ ቢቀርብኝስ? ሁለተኛ?»

ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ወረደች። አንድ ብቻ።

«ታዲያ አሁን ተረጋገጠልህ?»

«አልተረጋገጠም።» ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «አይሆንም። ለአንድ ሰው ቢሆን እያነከሰም ይሄዳል። ለሁለት አይበቃም። ያልቀነስኩት የለም። ጋዜጣ ተውኩ። ሻይ በቀን ወደ አንድ አወረድኩ። አንቺን በወረቀት ላይ ፀጉር ቤት ከለከልኩሽ፣ ይቅር በይኝ። አይበቃም! ይቺ ከተማ ሰው ሳይሆን ሀብታም እንዲኖርባት ነው የተሠራችው።»

«ለሁለት?» አለች። ከተናገረው ሁሉ የሰማችው ያችን ቃል ብቻ ነው።

«ለሁለት ነዋ! ለማን መሰለሽ?» እውነትም ግራ ገብቶታል። «እኔ ብቻዬን እዚህ ምን አባቴ ልሠራ እመጣለሁ? ሙቀት አልወድም። ዋና አልችልም። ዓሣ ይሸተኛል! ደረጃው የማን ጉልበት እንዳያም ነው የምጠይቀው? ክሊኒኩ ለማን ነው? በዚያ ወረቀት ላይ እኔ ሁለተኛው ሰው ነኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለሁለት ሰው አስልቶ፣ ለአንደኛዋ ሳይነግራት! እንዲህ ያለ ሞኝነት ከእሱ ሌላ ማን ይሠራዋል? መጋረጃው ከእጇ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ታዲያ ካልሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

ካፖርቱን ቆለፈው። በዚያ ሙቀት! ከዚያ ምን እንዳደረገ ገባውና ፈታው።

«ጡረታ አልወጣም» አላት።

ሌላ ሰው አፍ ላይ ተራ ወሬ ነው። በእሱ አፍ ግን መሰላሉን በሁለት እጇ አስያዛት።

«እዚህ ከተማ የእኛ ቅርንጫፍ አለ። መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ፎርም የሚቀበል ሰው ይፈልጋሉ። ከእኔ ደረጃ በብዙ የወረደ ነው፤ ክፍሉ ነፋስ የለውም አሉ። ዕድሜዬ እስኪሞላ ብሠራ፣ አንቺም እንደምትሰፊው ብትሰፊ፣ ይበቃል። ፀጉርም ትሠሪያለሽ።»

«ተቀበሉህ?»

«ማመልከቻውን ትናንት ነው የሰጠሁት። አላውቅም።»

«ደብዳቤ የለህም?»

«የለኝም።»

«ማኅተም?»

«የለም አልኩሽ። ቀንም የለውም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።» እጆቹን ዘረጋ፤ ባዶ ናቸው። ፊቱ ላይ ያ ኮስታራነት ጠፍቶ፣ አረፋ መሀል ታየው የነበረው ልጅ ብቻ ቀረ፣ ፈርቶ።

መሬት ወረደች። ልትቆጣው ፈለገች፤ የምትቆጣበት ነገር አላጣችም። «አንተ ሰው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የተመኘኸው ነገር እኮ ነው! ስምህን ያወጡልህ በዚያ ነው። አሁን በእኔ ምክንያት በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ዕድሜህ፣ ከማንም ጋር በመስኮት ስትጨቃጨቅ…»

«ያኔ ለምን እንደጠየቅኩ ታውቂያለሽ?» አቋረጣት። «አለቃዬን፣ ያን ቀን። ሥራ ጠልቼ መሰላቸው፤ ሳቁብኝ። ካንቺ ተለይቼ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ከዚህ መቼ ነው የምትለቁኝ፣ መቼ ነው የምመለሰው ማለቴ ነው። አነጋገሩን አላወቅኩበትም። አሁንም አላውቅበትም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስንቱን ዓመት እንደ ተረሳች አስባ ኖረች! በየቀኑ ወደ እሷ የሚያዘግም፣ አረማመዱ ግን የኤሊ የሆነ ሰው እንዳለ ማን ነገራት? ስንቱ ቅዳሜ አለፈ። ስንቱን የሰው መስኮት አለበሰች። ወጣትነቷ ከእነአባቷ ቤት፣ ከእነጥቁሯ መኪና ሄዷል፤ ይህ ሰው ሊመልሰው አይችልም። ያንን ለማልቀስ ጊዜ ነበራት። አሁን ግን ሰውዬው ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።

«አንድ ሳልጠይቅሽ የቀረ ጥያቄ አለ» አለ። «ሁሉን ጠይቄ እሱን ነው የዘለልኩት። ታገቢኛለሽ ወይ?»

ስልኩ ጠራ።

አከራዩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ሁለቱም አዩት።

«አንሺው» አላት። «መልስሽ ምንም ቢሆን ሰውዬው ማወቅ አለበት።» ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፤ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ ቀትር ሊሆን ነው» አለ አከራዩ። «እንዴት ወሰኑ? ሌላ ፈላጊ አለኝ።»

«ውሉን አድስልኝ።»

«በአዲሱ ዋጋ?»

«በአዲሱ ዋጋ፣ ምን ምርጫ ሰጠኸኝ! አሳንሰሩን ግን ታሠራለህ። ጉልበት ያማል።»

«እሺ እሺ። ያው ብቻዎን ብዬ ልጻፈው?»

የወጥ ቤቱን ግድግዳ ተደገፈች። መልሱን ለራሷም ገና አልነገረችውም ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ሰማችው።

«ብቻዬን አይደለሁም» አለች።

አከራዩ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይበል «ለሁለት ሰው የውሃ ይጨምራል» ይበል አላዳመጠችም። ፊቷን ውሃ አስነካች፣ ፀጉሯን በጣቷ አስተካከለች፣ አሁን ምን ብዬ ልንገረው እያለች፣ ቀልድ ይሻላል ወይስ እውነቱን፣ እያለች ተመለሰች።

ሽማግሌው ተኝቷል። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ ያደረ ሰው፣ መልሱን እየጠበቀ፣ ወንበሩ ላይ አንገቱን ወደ ትከሻው ጥሎ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። እጆቹ ጉልበቱን እንደያዙ ናቸው።

ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው።

ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወሬው ደረቷ ውስጥ እየተገላበጠ አላስቀምጥ አላት፤ ልጅ እያለች ሚስጥር ስትይዝ እንደሚያደርጋት ሊያስቃት ምንም አልቀረው። ሲነቃ ትነግረዋለች። ገና አያውቅም፤ አጠገቧ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ትንሽም ያንኮራፋል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ መጠበቅ እንዲህ ሆድ የሚያሞቅ ነገር መሆኑን ያን ቀን ቀትር ላይ ገና አወቀችው።